የጨርቅ ክንፍ ያለው አሮፕላንና የበጌምድር ሰማይ

  ባለፈው ስለ ጡረታ ወረቀት ጽፌ ብዙዎቻችሁ ደውላችሁልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ቅጽና ስለ ቢሮ ሳይሆን ስለ አንድ አሮፕላን ነው። ዓይኔ ደከመ የምትሉ ጎረቤት ያንብብላችሁ፤ የልጅ ልጆቻችን የአማርኛ ፊደል እንደማይቆጥሩ አውቃለሁ፣ የኔዎቹም አይቆጥሩም።

አሮፕላኑ ያለው ሳሎኔ ውስጥ፣ ከመጻሕፍቱ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ነው። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 20 ሳንቲሜትር አይሞላም። ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ እኔ፣ አባቴና እናቴ ነን የሠራነው። እናቴ እንዴት እንደገባችበት ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

እኔ በግንቦት 1983፣ ፈረንጆቹ 1991 በሚሉት ዓመት፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ነው የመጣሁት። ወንበሩ ተነቃቅሎ በወጣለት አሮፕላን ወለል ላይ በአባቴና በእናቴ መሀል ተቀምጬ «አባባ፣ ይሄ ሁሉ ብረት እንዴት ነው አየር ላይ የሚቆመው?» ብዬ ጠየቅሁ። አባቴም «ዝም ብለህ ጸልይ» አሉኝ። ለዚያች ሌሊት በቂ መልስ ነበር። ጥያቄው ግን ከእኔ አልወጣም፤ መርካዝ ክሊታ እያለን ከወረቀት፣ ኋላም ከእንጨት አሮፕላን እሠራ ነበር። አሁን ሥራዬ የሰው ችግር መስማት ነው። ማታ ስገባ ጆሮዬ ሞልቶ እጄ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ አንዳንድ ምሽት ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጥፍና ምላጭ፣ ወረንጦና ብርጭቆ ወረቀት አውጥቼ እቀመጣለሁ።

በዚህ ዓይነት ሥራ ውስጥ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚማረው 72 የምትለውን ቁጥር ነው። የእውነቱ አሮፕላን ሰባ ሁለት ጊዜ ተቀንሶ ነው የሚሠራው። ለምን 72 ሆነ ብትሉ፣ ነገሩ ከእንግሊዞች ልኬት የመጣ ነው። የእነሱ ስድስት ጫማ፣ አንድ ረጅም ሰው ማለት ነው፣ በሞዴሉ ላይ አንድ ኢንች ይሆናል። በ1930ዎቹ እንግሊዝ አገር ለልጆች መጫወቻ ብለው ጀመሩት። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና መጫወቻው ሥራ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል በመላ አገሩ ያሉ ተማሪዎች ግማሽ ሚሊዮን ትናንሽ አሮፕላኖች ከእንጨት እንዲቀርጹለት ጠየቀ። ተኳሾቹ የወገንን አሮፕላን ከጠላት እንዲለዩ ማሠልጠኛ ነበር። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ በ72 የተቀነሰ አሮፕላን 10 ሜትር ርቆ ሲሰቀል፣ እውነተኛው በ720 ሜትር ላይ ሆኖ እንደሚታየው ያህል ነው የሚታየው። ወታደሩ ጥቁር የተቀባውን ትንሽ አሮፕላን እያየ ስሙን ይጠራል። ሲሳሳት ክፍል ውስጥ ይሳቃል፤ ባሕር ላይ ቢሳሳት ግን የራሱን ሰው ይገድላል።

እኔ የመረጥኩት ፖቴዝ 25 የሚባለውን ነው። ይህን ስም የማታውቁት ብትሆኑ አይገርመኝም፤ ግን ወላጆቻችሁ፣ ወይም የወላጆቻችሁ ወላጆች፣ በሕይወታቸው መጀመሪያ የሰሙት የአሮፕላን ወሬ የዚህኛው ሳይሆን አይቀርም።

ፖቴዝ 25 የፈረንሳይ ሥራ ነው፤ አንሪ ፖቴዝ የተባለው መሐንዲስ በ1920ዎቹ አጋማሽ አወጣው። ሁለት ሰው ይይዛል፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ከኋላው ሆኖ ይቃኛል፣ ይተኩሳል፣ ቦምብ ይጥላል። ክንፉ ድርብ ነው፤ የላይኛው ረጅም፣ የታችኛው አጠር ያለ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 14 ሜትር ይሆናል። ፈረንሳዮች በሺህ የሚቆጠር ሠሩ፤ ፖላንዶችና ዩጎዝላቮችም በአገራቸው ሠሩት። ብዙዎቹ 450 የፈረስ ጉልበት ያለው የሎሬን ሞተር ነበራቸው፤ 12 ሲሊንደር በሦስት ረድፍ፣ አራት አራት ሆኖ፣ ልክ እንደ ተዘረጋ የወፍ እግር። ጠንካራ ነበር፤ ፖስታም ያመላለሱበታል። ጊዮሜ የሚባል ፈረንሳዊ አብራሪ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1930 በዚሁ ዓይነት አሮፕላን በአንዲስ ተራሮች ላይ በረዶ ውስጥ ወድቆ፣ አምስት ቀን በእግሩ ተጉዞ በሕይወት ወጥቷል። ይህን ለአባቴ ስነግራቸው «እኛም ሱዳን ድረስ በእግራችን የሄዱ ሰዎች አሉን፣ እሱ ምን ይገርማል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ምንም አልመለስኩም።

ወደ እኛ አገር እንዴት መጣ? ነገሩ ከኤደን ይጀምራል። በኅዳር 1922 (እ.ኤ.አ.) አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ወደ ኤደን ሄደው ሳለ የእንግሊዝ አየር ኃይል ትርኢት አሳያቸው። አሮፕላን አይተው አያውቁም ነበር። ካዩ በኋላ ቆመው ማድነቅ ብቻ አልበቃቸውም፣ ልውጣበት ብለው ወጡ። ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 18 ኦገስት 1929፣ አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አንድ ፖቴዝ 25 እየነዳ አዲስ አበባ አረፈ። ባቡሩ ከጅቡቲ ለመድረስ ቀናት በሚፈጅበት ዘመን ነው።

እዚህ ላይ ስለ አየሩ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው አያስበውም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አሮፕላን ደግሞ ሦስት ጊዜ አየር ይበላል፤ ሞተሩ ይተነፍሰዋል፣ ፕሮፔለሩ ይይዘዋል፣ ክንፉ ይደገፍበታል። አየሩ ሲሳሳ ሦስቱም ይዳከማሉ። ስለዚህ ቆላ ላይ በአጭር ሩጫ የሚነሣው አሮፕላን ደጋ ላይ ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፣ ፈጥኖ መሮጥም አለበት። ያን ጊዜ የተሠራ ጥርጊያ ሜዳ የለም፣ የአየር ጠባይ የሚነግር የለም፣ ከአንድ ሰፈር ሌላ ሰፈር ድረስ ሸለቆና አምባ ነው። ሆኖም በአንድ ዓመት ገደማ ከኢትዮጵያ ልጆች አብራሪ ወጣ። ሚሽካ ባቢቼፍ፣ አባቱ ሩሲያዊ እናቱ ኢትዮጵያዊት፣ እና አስፋው ዓሊ፣ ሁለቱም በ1930 እ.ኤ.አ. ብቻቸውን በረሩ።

አሁን ወደ ጠረጴዛዬ ልመለስ።

ኪቱ በሳጥን ነው የሚመጣው። ስትከፍቱት ክፍሎቹ ሁሉ በፕላስቲክ ፍሬም ላይ ተንጠልጥለው ታገኛላችሁ፣ ልክ እንደ ወይን ፍሬ በዘለላው። አንድ በአንድ ትቆርጣላችሁ፣ ጠርዙን ታለሰልሳላችሁ፣ ሳትለጥፉ አጋጥማችሁ ትሞክራላችሁ። መጀመሪያ የሚሠራው ውስጡ ነው፤ ወንበሮቹ፣ መሪው፣ የእግር መርገጫው፣ ከኋላው ሰው ፊት ያለው የመትረየስ ቀለበት። ሆዱ ከተዘጋ በኋላ ከዚህ ሁሉ የሚታየው ጥቂት ነው። ባለቤቴ «ታዲያ ለምን ትደክማለህ?» ትለኛለች። መልስ የለኝም፤ እንዳለ ስለማውቅ ነው።

አባቴ አጠገቤ መቀመጥ የጀመሩት ወደ ክንፉ ስደርስ ነው። አባቴን የምታውቋቸው ታውቃላችሁ፤ ወገራ ሳሉ ሸማኔ ነበሩ። እዚህ ከመጣን ወዲህ አንድ ጋቢ አልሠሩም። ፋብሪካ ሠሩ፣ ጽዳት ሠሩ፣ ጡረታ ወጡ። አሁን ጠዋት ምኩራብ፣ ከሰዓት መስኮት ሥር። ብዙዎቻችሁ ቤት ስገባ የማየው ነው፤ ሃምሳ ዓመት ያልተፈታ እጅ ጭን ላይ ተቀምጦ። ስለዚህ ጉዳይ በሥራዬ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ ስንት ወረቀት ጽፌያለሁ። የገዛ አባቴን ግን አንድ ቀን እንኳ ይህን ያዙልኝ ብዬ አላውቅም ነበር።

ክንፉን አንስተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱትና «ይሄ ምንድን ነው እንደ ጎድን የሚቆጠረው?» አሉኝ።

«እንጨቱ ነው አባባ። እውነተኛው ክንፍ ውስጡ እንጨት ነው፤ በላዩ ጨርቅ ይወጠራል። ጨርቁ በእንጨቱ መሀል ትንሽ ገባ ስለሚል ነው።»

«ጨርቅ?»

«ጨርቅ።»

«አሮፕላን በጨርቅ ይበራል?»

ይበራል። የያን ዘመን አሮፕላን ብዙው እንዲሁ ነበር። በእንጨት አጽም ላይ ከተልባ ወይ ከጥጥ የተሠራ ጥሩ ጨርቅ ይለብሳል፤ ከእያንዳንዱ የክንፍ ጎድን ጋር በክር ይሰፋል። ከዚያ በላዩ ላይ እንደ ቫርኒሽ ያለ ፈሳሽ ይቀባል፣ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ። ፈሳሹ ሲደርቅ ጨርቁን ይሰበስበዋል፣ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጥረዋል። ፀሐይ ክሩን እንዳትበላው በመጨረሻው ቅብ ውስጥ የአሉሚኒየም ዱቄት ይጨመራል፤ ብዙ የዚያ ዘመን አሮፕላን ከሩቅ ሲያዩት ብረት የሚመስለው በዚህ ነው።

አባቴ ይህን ሰምተው ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ሸማኔ ብቻ የሚጠይቀውን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ድሩና ማጉ እኩል ነው ወይስ አንዱ ይጠነክራል? ሄጄ አነበብኩ። በሁለቱም በኩል እኩል እንዲጠነክር ተብሎ ነው የሚሸመነው፣ አለዚያ ፈሳሹ ሲደርቅ ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋል። ሳነብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተማሪው ትክክል እንደመለሰለት መምህር። ቀጥለውም ክንፉን መልሰው ሰጡኝና «ታዲያ ይሄ ውሸት ነው» አሉ። «የተወጠረ ጨርቅ እንዲህ አይጎደጉድም። ይሄ የተራበ በሬ ነው።»

ልክ ናቸው። ሞዴል የሚያመርቱ ሰዎች ጨርቅ መሆኑ እንዲታወቅላቸው ብለው ጎድኑን ያጋንኑታል። ትንሽ አስቡት፤ በእውነተኛው ላይ ግማሽ ሳንቲሜትር ጎድጎድ ያለ ነገር፣ በ72 ሲካፈል ከፀጉር አይበልጥም። ሁለት ማታ ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው። አባቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ በጣታቸው እየዳሰሱ «እዚህ ጋ አለ፣ እዚህ ጋ ገና ነው» እያሉ ነው ያሠሩኝ።

ቀጥሎ ሽቦው መጣ። ድርብ ክንፍ ያለው አሮፕላን በምሰሶ ብቻ አይቆምም፤ በሁለቱ ክንፎች መሀል ሰያፍ ሆነው የሚሻገሩ ሽቦዎች አሉት። ሲበር ክንፉ ወደ ላይ ይሳባል፣ ያን ጊዜ ከታች የሚይዙት ሽቦዎች ይሠራሉ። መሬት ላይ ሲያርፍ ክንፉ በክብደቱ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ሌሎቹ ይይዙታል። አንዱ ሲደክም ሌላው ያርፋል ማለት ነው። በዚያ ዘመን በየአየር ኃይሉ ሥራቸው ሽቦ መወጠርና መለካት ብቻ የሆነ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሽቦ ከልክ በላይ ከተወጠረ ክንፉ ይጣመማል፣ አሮፕላኑም ወደ አንድ ጎን መሳብ ይጀምራል።

እንግዲህ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ በ72 ሲካፈል 0.07 ሚሊሜትር ይሆናል። የሰው ፀጉር ማለት ነው። ከሱቅ የገዛሁት ክር ሁሉ ወፍራም ሆኖ የልብስ መስጫ ገመድ መሰለ። ሞዴል ሠሪዎች ለዚህ አንድ ዘዴ አላቸው። ክፍሎቹ የተንጠለጠሉበትን የፕላስቲክ ፍሬም፣ ሌላ ጊዜ የሚጣለውን፣ ከሻማ በላይ ያዝ አድርጎ ማሞቅ ነው፤ ሲለሰልስ ከእሳቱ አውጥቶ ሁለቱን ጫፍ በአንድ እስትንፋስ መሳብ። በዝግታ ከሳቡት ወፍራም ይሆናል፣ ከቸኮሉ ይበጠሳል። (መስኮት ክፈቱ፣ ጭሱ ጥሩ አይደለም። ልጆችንም ብቻቸውን አትተዉ።)

እኔ አሥር ጊዜ ሞክሬ አሥር ጊዜ በጠስኩ። እናቴ ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆይታ መጣች። «ይሄማ መፍተል ነው» አለች። «ወንድ መቼ ፈትሎ ያውቃል?» ሻማውን ወደ ራሷ ሳበችው። የመጀመሪያው ተበጠሰ። ሁለተኛው ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደ፤ ብርሃን ካልመታው የማይታይ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ ክር። እንዝርት ከእጇ ከተለየ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አባቴ አንሥተው በብርሃን አዩትና «እሷ እንደዚህ ነው የምትፈትል» አሉኝ፣ እሷ እንዳልሰማች ሆና ወደ ወጧ ተመለሰች።

ወጣሪው እንግዲህ ማን እንደሆነ መናገር የለብኝም። ጉድጓዶቹን እኔ በቀጭን መሰርሰሪያ በሳሁ፣ ክሩን በወረንጦ አሳለፍኩ፤ አባቴ በጥፍራቸው ጫፍ ነካ እያደረጉ ውጥረቱን ለኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳቱ፤ በግራ በኩል ሦስተኛውን ክር አጠበቁትና በማግሥቱ ጠዋት የላይኛው ክንፍ ወደ ግራ ዝቅ ብሎ አገኘነው። በእውነተኛው አሮፕላን ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ሦስት ክር ፈታንና እንደገና ጀመርን። አባቴ ቀኑን ሙሉ ተቆጥተው ዋሉ። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ፤ በገዛ ሥራቸው ሲቆጡ ካየሁ ብዙ ዘመኔ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስኩ።

ሳጥኑ ውስጥ ትናንሽ ቦምቦች አሉ፣ ከሩዝ ፍሬ ትንሽ የሚበልጡ። ከታችኛው ክንፍ ሥር የሚለጠፉ ናቸው። እኔ ሳልለጥፋቸው ልተው ነበር ያሰብኩት። ሞዴሉን ማትናስ ወስጄ ለወጣቶቹ ላሳያቸው አስቤያለሁ፤ ኢትዮጵያ ከአንድ መቶ ዓመት ገደማ በፊት አሮፕላንም አብራሪም ነበራት ልላቸው። ልጆቻችን ይህን መስማት ይፈልጋሉ። ቦምቡ ምን ያደርግልኛል?

አባቴ ጠየቁኝ፤ «ይሄ አሮፕላን ማን ላይ ነው የተዋጋው?»

የማውቀውን ነገርኳቸው። አሮፕላኑ አዲስ አበባ በደረሰ በሰባተኛው ወር ነው የመጀመሪያው ጦርነት። ከጣሊያንም ከሌላም የውጭ ጠላት ጋር አልነበረም። ከበጌምድር ጋር ነበር።

የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ፣ የንግሥት ዘውዲቱ የቀድሞ ባል፣ በተፈሪ ላይ ሸፈቱ። የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ ጦር ይዘው ወጡ፤ አሮፕላኖቹም አብረው። መጀመሪያ የጣሉት ቦምብ አልነበረም፣ ወረቀት ነበር። በወረቀቱ ላይ ጉግሣ አመፀኛ መሆኑን የሚናገር አዋጅና፣ የተከተለው ሁሉ የተገዘተ ይሁን የሚል የጳጳሳቱ ግዝት ተጽፏል። ከዚያ ቦምቡ ተከተለ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ 31 ማርች 1930፣ አንቺም ላይ የጉግሣ ጦር ተፈታ፣ እሳቸውም ተገደሉ። በሁለተኛው ቀን ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። ጥቅምት ላይ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

አስቡት እንግዲህ። በዚያ ቀን አንቺም ከነበረው ጭፍራ ብዙው መኪና እንኳ አይቶ የማያውቅ ነው። ጋሻ የያዘ አለ፣ አሮጌ ጠመንጃ የያዘ አለ። ከሰማይ መጀመሪያ ግዝት ወረደበት፣ ቀጥሎ እሳት። የታሪክ ጸሐፊዎች ከቦምቡ ይልቅ ድንጋጤው ነው የጎዳው ይላሉ፤ ይመስለኛል። ግን ድንጋጤ ለደነገጠው ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

አባቴ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ «አባቴ ይሄን ያወራ ነበር» አሉኝ። ስንት ዓመት አብረን ኖረን ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነው። አያቴ ያኔ ልጅ ነበሩ፤ ገበያ ላይ «ከሰማይ ወረቀት ዘነበ» የሚል ወሬ ሲወራ ሰምተዋል። የክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ከቦምቡ ይልቅ ግዝቱን ፈርተው ነበር አሉ። ከዚያ አባቴ ፈገግ አሉ። «እኛንማ ግዝቱ ምን ያደርገናል? ቦምቡ ግን ሃይማኖት አይጠይቅም።»

ቦምቦቹን በጣታቸው ገፋ ገፋ አድርገው ወደ እኔ አስጠጓቸው። «ይዞት የነበረውን ለምን ትደብቃለህ? ልጆቹ እንደሆነ ኋላ ያገኙታል። ያን ጊዜ ውሸታም ትባላለህ።»

ለጠፍኳቸው።

ማትናስ ስሄድ ለልጆቹ ቀጣዩንም እነግራቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ አንቺም ላይ አላበቃም። ልክ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በዚያው በመጋቢት 22፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ማይጨው ላይ ተዋጉ፤ አሁን ሰማዩ የጣሊያን ነበር። ጣሊያኖች ነገሩን ቀድመው የጀመሩት ናቸው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1909 ከራይት ወንድማማቾች የመጀመሪያውን የጦር አሮፕላን ሲገዙ ለመቃኘት ብለው ነው፤ በኅዳር 1911 ግን ጋቮቲ የሚባል የጣሊያን መኮንን ሊቢያ ላይ እየበረረ በእጁ ቦምብ ጣለ። በዓለም የመጀመሪያው እሱ ነው። ኢትዮጵያ ላይ በመጡ ጊዜ በመቶ የሚቆጠር አሮፕላን ይዘው፣ ቦምብ ብቻ ሳይሆን የሚያቃጥል መርዝም እየረጩ ነው። የኢትዮጵያ አሮፕላኖች ሃያ አይሞሉም ነበር፤ ፖቴዞቹም በዚያን ጊዜ አርጅተዋል። መልእክትና ሰው ከማመላለስ በቀር ምንም ማድረግ አልቻሉም። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ ጆን ሮቢንሰን፣ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኖ፣ ባልታጠቀ አሮፕላን በጣሊያኖች መሀል እየተሹለከለከ ነው የሠራው።

አንቺም ላይ በአሮፕላን ታግዘው ድል ያደረጉት ሙሉጌታ ይገዙ፣ ያኔ ራስ ሆነዋል፣ በየካቲት 1928 ከአምባ አራዶም ሲያፈገፍጉ ልጃቸው መገደሉን ሰምተው ወደ ኋላ ተመለሱ፤ እዚያው በጣሊያን አሮፕላን ተመትተው ሞቱ። ይህን ለአባቴ ሳነብ፣ የጉግሣን ሞት ስነግራቸው ያላዘኑት ሰው አሁን አዘኑ። «ልጁን ሊያነሣ ነው የተመለሰው?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ።

በዚያው ጦርነት መሀል አዲስ አበባ ላይ አንድ አሮፕላን ተሠርቶ እንደነበር ብዙ ሰው የሰማው አሁን በቅርብ ነው። ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ፣ የንጉሡ አብራሪ፣ በ1935 እ.ኤ.አ. ሠርቶ አበረራት፤ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ጣሊያኖች ወስደዋት ሮም አጠገብ ባለ ሙዚየም ስትኖር ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። ፎቶዋን ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። አባቴ ስክሪኑን በሁለት ጣት አስፍተው ክንፉን ብቻ አዩ፤ «ይሄኛው በደንብ ተወጥሯል» አሉ።

ሞዴሉን ማትናስ የወሰድኩት ከፋሲካ በኋላ ነው። አባቴም መጡ። እኔ ስለ ከፍታና ስለ ሞተር ስናገር ልጆቹ ስልካቸውን ያያሉ፤ አባቴ ተነሥተው በአማርኛ፣ እኔ እያስተረጎምኩ፣ ሽቦው እንዴት እንደሚወጠር ሲያሳዩ ግን ሁሉም ተነሥተው ጠረጴዛውን ከበቡት። አንዱ ልጅ ቦምቦቹን አይቶ በዕብራይስጥ «ሳባ፣ ይሄ ማን ላይ ነው የተጣለው?» አላቸው። አባቴ እኔን አላዩም። «እኛ ሰፈር» አሉት።

ባለፈው ሳምንት አቧራ ስጠርግ አንዱ ሽቦ ተበጠሰብኝ። ለእናቴ ስነግራት ከመሳቢያ አንድ የክብሪት እንጨት አወጣች፤ የተረፈውን ክር እንደ ልቃቂት ጠምጥማ አስቀምጣው ነበር። አርብ ጠዋት፣ የሰንበቱ ምግብ ከመጣዱ በፊት፣ እንጠግነዋለን ተባብለናል።